የብርድ ድርሻ

ጣርማ በር አናት ላይ፣ ዋሻው ታልፎ ዞሮ፣
ሦስት የብረት ጋን ነበር መሬት ውስጥ ተቀብሮ።
ከባሕር የመጣው እዚያ ይገለበጣል፤
ከዚያ በበርሜል ሆኖ መርሐ ቤቴ ይወርዳል፣ መንዝ ድረስ ይወጣል።
ናፍጣን ለማድረስ ናፍጣ ይነዳል፤
ጦሩ ዘንድ እስኪገባ ስንት ሞተር ያልባል።

የእኔ ሥራ ዘንግ ነው። የነሐስ፣ ቀጥ ያለ፣
ከጫፍ እስከ ጫፉ ቁጥር የታደለ።
ቦቴው ጀርባ ወጥቼ፣ ክዳኑን ከፍቼ፣
ሆዱ ውስጥ ሰድጄ፣ ቀስ ብዬ አውጥቼ፣
እርጥቡ የት ቆመ? እሱን እጽፋለሁ፤
“ሙሉ” ወይ “ጎደሎ” ብዬ እፈርማለሁ።
ከኔ ፊርማ ወዲያ ታንክ ይነሣል፤
ከኔ ፊርማ ወዲህ ሰው ይከሰሳል።

ከባሕሩ ዳር ደግሞ አንድ ሰው ነበረ፣
በየደረሰኙ ስሙን ያኖረ፦
ሃምሳ አለቃ እርገጤ፣ ባሕር ኃይል፣ አሰብ።
ፊቱን አላውቀውም። የማውቀው ጽሕፈቱን፣
የ“ጤ”ዋ ቀለበት ሳይገጥም መቅረቱን።
የመንዝ ልጅ ነው አሉ።
አንዴ ደብዳቤ ላከ፣ በሾፌር እጅ፦

“ወንድሜ፣ እዚህ ፀሐይ ሌሊትም አያልቅም፤
መርከቡም ደለል ፈርቶ ወደ ዳር አይዘልቅም።
ጎማ ቱቦ ዘርግተን፣ በበርሜል አንሳፍፈን፣
ከመርከቡ እስከ ዳር እንደ እባብ አሰልፈን፣
ያጠባል መርከቡ፣ ይጠባል ጋኑ፤
እንደ ላም ይወዛወዛል በሞገድ ጎኑ።
አንዳንዴም ሁለት መርከብ ጎን ለጎን ሲሮጡ፣
ቱቦ በመሃል አርገው ሳይቆሙ ሲጠጡ፣
ብታይ ትገረም ነበር።
ሽታው ግን አይለቅም። ዓሣውም ናፍጣ ነው፣
እንጀራውም ናፍጣ፣ ሕልሜም ናፍጣ ነው።
እስቲ ያን የጣርማ በር ብርድ በጄሪካን ላክልኝ።”

ሳቅሁ። አጣጥፌ ኪሴ ከተትሁት።

ታኅሣሥ ነበር ወሩ፤ ሣሩን ውርጭ ላጭቶት፤
የማናልብህ ቦቴ መጣ፣ ዋሻው ተፍቶት።
ከአሰብ ጀምሮ ሦስት ሌሊት ያልተኛ፣
ዳገቱን የወጣ በማርሽ አንደኛ።
ወረቀቱ ሃያ ሺህ፣ ድፍን ነው ይላል፤
ዘንጌን ሰደድሁና፣ አምስት መቶ ጎድሏል።
ደገምሁ። ሠለስሁ።
ማኅተሙ ደህና ነው፣ እርሳሱ አልተነካ።

“የት ሸጥከው?” አለው መቶ አለቃ ይገዙ።
“እንኳን ልሸጥ፣ ለውኃ ሽንት አልወረድሁም፣ ጌታዬ።”
ትንፋሹ ይጨሳል። ወደ እኔ አየ።
እኔ ዘንጌን አየሁ።
ነሐስ አይዋሽም።
“ጎድሏል” ብዬ ጻፍሁ።
ወሰዱት፤ ሞተሩ ገና አልበረደም ነበር።

ጦሩ ሲበተን ጊዜ፣ ደብረ ብርሃን ወርጄ
ማደያ ተቀጠርሁ፣ ያንኑ ዘንግ ይዤ።
አንድ ቀን ልጅ እግር መሐንዲስ መጣና
ሰብስቦ አስተማረን፦ “ናፍጣ እንደ ሰው ነው፤
ቆላ ሲሆን ይነፋል፣ ልብሱን ይከፍታል፤
ደጋ ሲወጣ ግን ኩርምት ይላል፤
ክብደቱ ያው ነው፣ የሚያጥር ቁመቱ።
ከአርባ ዲግሪ ወርዶ ስምንት ከገባ፣ ከሃያ ሺህ ሊትር...”
ሰሌዳው ላይ አሰላው።
አምስት መቶ ከምናምን።
ምናምኑን አልሰማሁም።

ማታ ሣጥን ከፍቼ ደረሰኙን አወጣሁ።
ከዳሩ፣ በእርሳስ፣ ቀለበቷ ካልገጠመው “ጤ” አጠገብ፣
“አርባ ዲግሪ” ይላል።
ያኔም አይቼው ነበር።
የእርገጤ ብሶት መስሎኝ፣ ያው የሙቀት ወሬ፣
ፈገግ ብዬ አለፍሁት።

ማናልብህን ፈለግሁት። ሸዋ ሮቢት ታስሮ
ሽንኩርት ኮትኩቷል አሉ፤ ከወጣ ቆየ አሉ፤
ወዴት እንደሄደ የሚያውቅ አጣሁ።

ዘንጉ አሁንም አለ። መስኮቴን ደግፏል።
ጧት ጧት ስነካው ጣት ይቆርጣል።
ነሐስም በብርድ ያጥራል ይላሉ፤
በስንት እንደሆነ አልጠየቅሁም።