ከአንድ እስከ አምስት

አፉላ፤ ሁለተኛ ፎቅ፤ መስኮቱ ሸለቆውን ያያል፣
ጄት ባለፈ ቁጥር ውሃው በብርጭቆው ይርገበገባል።
እኔ አስተርጓሚ ነኝ፤ በሰዓት የሚከፈለኝ፣
የሰውን ቃል ለሰው ጆሮ ማቀበል ነው የተሰጠኝ።
ዛሬ ያስያዙኝ ወረቀት ሃያ ስምንት ጥያቄ አለው፣
ራሱን ሊያጠፋ ሞክሮ የተረፈ ልጅ
በራሱ ምን ያህል እንደሚያፍር የሚለካው።

«ምንድን ነው የሚለካው?» አለችኝ ወይዘሮ ይታይሽ፣
ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አቅፋ፣ ከልጇ ፈንጠር ብላ።
በዕብራይስጡ «ስቲግማ» ይላል፤ ቃሉን አገላበጥኩት፤
ነውር ብል፣ ልጁን ወነጀልኩት፣
ጠባሳ ብል፣ ያልዳነ ቁስል ነካሁበት፣
መገለል ብል፣ ለሰፈሩ ሰጠሁት።
«ሐፍረት» አልኩ በመጨረሻ።
«ሐፍረት በምን ይሰፈራል? በስንዝር ነው ወይስ በቁና?
ቁናውንማ ወገራ ጥለነው መጣን እኮ።»

ኤልያሳፍ አሥራ ስድስቱ ነው። የኮፍያውን ገመድ ያኝካል።
ለሰፈር የተነገረው «ትርፍ አንጀት» ነበር፤
ለሌለ ቁስል ብርቱካን መጣ፣ ጭማቂ መጣ፣
አንድ ሽማግሌ በየትኛው ጎን እንደቀደዱት ጠየቁት።
«በግራ» አለ ልጁ።
ትርፍ አንጀት በቀኝ ነው።
ያን ቀን ቤቱ ሙሉ ሰው ነበር፤ ማንም አላረመው።

አሥራ አንደኛው ጥያቄ፦ «እንደኔ ያደረገ ልጅ ባውቅ እርቀው ነበር።»
አንድን አከበበ፤ ሳያመነታ።
አሥራ ሁለተኛው፦ «ሰዎች ቢያውቁ ይርቁኛል።»
አምስት። እርሳሱ ወረቀቱን በሳው።
ዶክተር ኒሊ መነጽሯን አውልቃ ቀስ ብላ ተናገረች፦
«እኔ የምፈልገው በሁለቱ መሃል ያለውን ነው።»
ተረጎምኩት።
እናቱ ጣቶቿን አየች። «አራት ነዋ» አለች፣
«ለሌላው የማይጭነውን አራት
ለብቻው ተሸክሞ ይዞራል።»
ከዚያ ድምፅዋ ተሰበረና «ምን ይሉኛል ብዬ እኮ ነው» አለች፣
ዶክተሯም ይህ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀችኝ።
ይሉኝታ፣ አልኳት፤ ቃል አይደለም፣ ቤት ነው፤
ስንቶቻችን እንኖርበታለን፣ ኪራዩንም እንከፍላለን።
ጻፈችው። በየትኛው ሣጥን እንደምታስገባው ግን አላወቀችም።

ልጁ ገመዱን ከአፉ አወጣ።
«አንተስ? አሥራ አንደኛውን። ስንት ታከብባለህ?»
ለአስተርጓሚ ጥያቄ አይቀርብም። ደንቡ እንደዚያ ነው።
ግን ናታንያ ውስጥ የወንድሜ ልጅ አለ፣
ካቻምና ከሆስፒታል ሲወጣ ያልደወልኩለት፣
«ምን ብዬ?» እያልኩ ሳምንቱን ወር፣ ወሩን ዓመት ያደረግኩት።
«ሦስት» አልኩ።
«ሦስት ላይ የሚዋሽ ሰው ነው የሚቀመጥ» አለኝ፣
እርሳሱንም አቀበለኝ፤ በቁጣ አይደለም፣
ለሰው ወንበር እንደሚለቅ ሰው።

ማታ በመኪናዬ አደረስኳቸው።
ከሕንጻው ሥር አግዳሚው ላይ ሴቶቹ ሱፍ ይፈለፍላሉ፣
ልጣጩ እግራቸው ሥር ተቆልሏል።
«ሆዱ እንዴት ሆነለት?» አሉ እማማ ትብለጭ።
ይታይሽ ቦርሳዋን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረች።
«ሆዱ አልነበረም» አለች።
መፈልፈሉ ቆመ።
አንድ አውቶቡስ መጥቶ ሰው አራግፎ ሄደ።
እማማ ትብለጭ ልጣጩን ከቀሚሳቸው አራገፉ፣
«ልጁ ቆሟል» አሉ ሴቶቹን፣ «ጠጋ ጠጋ በሉለት እንጂ።»
መቀመጡን አላየሁም። ስልኬን ይዤ ነበር፤

አንዴ ጠራ። ሁለቴ።
ሦስቴ።
አራተኛው ላይ «አጎቴ?» አለ።