አምስት ፔሶ ከአርባ

ሐምሌ ነው። ማር ዴል ፕላታ ሰው የላትም፤
ጃንጥላው ተጣጥፏል፣ አይስክሬም አይሸጥም።
ሁለት የባሕር አንበሶች፣ ከድንጋይ የተጠረቡ፣
ለካዚኖው ጀርባ ሰጥተው የነፋስ ጨው ይመገቡ።

ዶኛ ኤርሜሊንዳ ግን ማታ ማታ አይቀሩም፤
ጋዙ ከተቆረጠ ወዲህ ከምድጃቸው ጋር አይነጋገሩም።
ሠላሳ አንድ ዓመት ሒሳብ ያስተማሩ ሴት ናቸው፤
ጠመኔ ነው እስካሁን የካፖርታቸውን እጅጌ ያነጣው።
አርባ ዙር ይጫወታሉ፣ በዙር አምስት ፔሶ፣
ቀዩ ላይ ብቻ፤ ሐሳብ መቀየር የለም ጨርሶ።
ቡስቲንጎሪ፣ አዟሪው፣ መንኮራኩሩን ሲያሽከረክር፣
ያዩታል፣ ሰሌዳ ላይ ተማሪ እንዳቆመ መምህር።

«ቤቱን የመታ ሰው የለም» ይላሉ በዚያ አገር።
(በእኛ ቋንቋ ቤት የሚመታ ግጥም ነው፤ ይሄ ነው ነገር፤
እሱም ቤት መትቶ መትቶ፣ አንድ ሳንቲም አያገኝም።)

አንድ ማታ ፋብሪሲዮ የሚሉት ዓሣ አጥማጅ መጣ፣
የጀልባውን ሞተር ሸጦ፤ ኪሱ ያበጠ፣ ፊቱ የገረጣ።
«ቀይ ስድስቴ ወጥቷል፤ እንግዲህ ተራው የጥቁር ነው።»
«ተራ?» አሉ ዶኛ፤ «ማን ነው ወረፋ የሚያስይዘው?
ኳሷ ትዝታ የላትም፤ ታጥባ እንደወጣች ሳህን ናት፤
ስድስቱን ቀይ የቆጠርከው አንተ ነህ፣ እሷ ምን ቸገራት።»

ደብተራቸውን ገለጡ። «ሠላሳ ሰባት ጉድጓድ ቁጠር፤
በእያንዳንዱ አንድ ፔሶ አስቀምጥ፣ አንዱም እንዳይቀር።
ስንት ከፈልክ? ሠላሳ ሰባት። ኳሷ ትረፍ የትም የት፣
የሚመለስልህ ሠላሳ ስድስት ነው። ሠላሳ ስድስት።
አንዷ የት ሄደች? አትድከም፤ ማንም ሌባ አልሰረቀ፣
አረንጓዴው ዜሮ ፊትህ ነው፣ መቼ ተደበቀ?
ከመቶ ፔሶ ሁለት ከሰባ፤ እንደ ቁንጫ ናት ንክሻዋ፤
ትንሽነቷን አትይ፣ አለመተኛቷ ነው ጣጣዋ።

እኔ በማታ ሁለት መቶ ፔሶ አዞራለሁ፣
አምስት ፔሶ ከአርባ ሳንቲም እከፍላለሁ።
ዛሬ ሠላሳ በላሁ፣ ነገ ሠላሳ ተበላሁ፤ ያ ነፋስ ነው፤
አምስት ከአርባው ግን ኪራዬ ነው፤ የወንበሩ፣ የሙቀቱ፣ የሰው።
ሲኒማ ከዚህ ይወደዳል፤ ደግሞ ፊልሙ ያልቃል።»
ልጁ ሳቀ። «እርስዎ ሲኒማ ይዩ፤ እኔን ሞተሬ ይጠብቀኛል።»

አምስት ጥቁር ላይ፦ ቀይ። አስር፦ ቀይ። ሃያ፦
ቀይ። አርባ፦ አረንጓዴ፣ ዜሮ። ሰማንያ፦
ቀይ። መቶ ስልሳ፦ ቀይ። ሦስት መቶ ሃያ፦
ቀይ።
«ስድስት መቶ አርባ!» ቡስቲንጎሪ ሰሌዳውን ጠቆመ፦
ከአምስት መቶ በላይ አይቻልም። ልጁ እዚያው ቆመ።
ኪሱን ዳበሰ፤ ቢፈቀድለትም ገንዘቧ የለችም።
ተነሣ። ኳሷ ዞረች። ጥቁር፣ አስራ ሰባት። ማንንም አልጠራችም።

ዶኛን ያን ማታ ቀዩ ክሷቸዋል። «ነግሬህ ነበር» አላሉም፤
ለአውቶቡስ አምስት ፔሶ ኪሱ ከተቱ፤ ትርፋቸውን ጮክ ብለው አልቆጠሩም።

በአምስተኛው ክረምት ያ ወንበር ባዶ ሆነ፤ ሳምንት፣ ከዚያም ወር።
ጠራጊዎቹ ደብተሩን አገኙት፣ ከማሞቂያው ሥር።
ስድስት መቶ ማታ። የሚጠበቀው፦ ሦስት ሺህ ሁለት መቶ አርባ።
የሄደው፦ ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ አስራ አንድ። ቡስቲንጎሪ ግራ ተጋባ።
«ታዲያ ሦስት መቶ ሃያ ዘጠኝ ለቤቱ ይቀረዋል»
አለና ገጹን ገለበጠ። በእርሳስ፣ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል፦
«ዕዳ አይደለም። ኳሷ አታስታውስም።»

መንኮራኩሩን ወለወለ፤ ወንበሩን አቀናላቸው።
አንድ ሰዓት ሲል በሩ ተንቋቋ። ቀና አለ።
ነፋስ ነው፤ አልነበሩም እሳቸው።