አሸዋውን በእግር መጠየቅ

«አሸዋ አሸዋ ነው» ይላል ያልገባበት፣
ከዳር ቆሞ ያየ፣ ጫማው ያልሞላበት።
እኔ ግን ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ጎሕ ሳይቀድ፣
ማበጠሪያ ይዤ ጉድጓዱን ስወርድ፣
በስኮትላንድ ምሥራቅ፣ ከባሕሩ ጥግ፣
የሰው ዱካ ሳጠፋ፣ ጠርዙን ስጠርግ፣
አወቅሁት፦ አሸዋ አገር አለው፤
ጠባይ አለው፤
አንዳንዱማ ቂም አለው።

የኛ የክሬግሄቨን ነፋስ ያመጣው ነው፣
የዛጎል ስባሪ፣ ጨው የቀመሰ ነው።
ላዩ ልል ቢመስል ሥሩ ይጠብቃል፣
ኳስ ብትወድቅበት እንደ ልጅ ያዝላል፤
ዱላው ከሥሯ ሲያልፍ የሚሰማው ድምፅ
አዲስ አቡጀዲ በእጅ ሲሸረከት ነው።
በጎች ናቸው አሉ መጀመሪያ የማሱት፣
የባሕሩን ብርድ ተጠግተው ሲሸሹት፤
ጥንቸል አሰፋችው። ሰው መጨረሻ መጣ፣
ጠርዙን በሣር ጡብ ካበ፣
በገዛ ገንዘቡ ሊቀጣ።

የእኅቴ ልጅ ሞራግ እዚያ ጉድጓድ አደገች፤
የትምህርት ቤት ቦርሳ ጠርዙ ላይ እየጣለች
መቶ ኳስ ትመታለች፣ እንደገና ትጀምራለች።
እናቷ ከመስኮት «ሾርባው በረደ!» ትላለች፤
ሾርባው ይበርዳል። ማን ይሰማል?
አድጋ ለውድድር ስትወጣ፣ ዱላዎቿን
ተሸክሜ ተከተልኳት።

እንግሊዝ መሐል አገር፣ ሸክላ አፈር ላይ፣
ሦስት ቀን ዝናብ፣ አንድ ቀን ፀሐይ፣
ባንከሩ አውድማ ሆኖ ጠበቃት።
እንደ ልማዷ ከሥር ልትገባ ስትል
ዱላው ነጥሮ ኳሷን በወገቧ አላት፤
በረረች፤ ከሻይ ድንኳኑ ገብታ
ከአንድ ጡረተኛ ኬክ ላይ ዐረፈች።
ሰውዬው ሳቀ። ሞራግም ሳቀች።
እኔ አልሳቅሁም።

ከዚያ ጆርጂያ፦ ጥድ፣ ወበቅ፣ ትንኝ።
አሸዋው ነጭ ነው፣ ዓይን ያስጨፍናል፤
ነፋስ አላመጣውም፤ ከተራራ ተፈጭቶ
በቶን ተገዝቶ፣ በጭነት መኪና ገብቷል።
ጠባቂው ቨርሊን ባርኔጣውን ገፋ አድርጎ
«አያምርም?» አለኝ። ያምራል።
ይውጣል።
ኳስ ስትወድቅበት፣ እንደ እንቁላል ጥብስ፣
አስኳሏ ብቻ ይታያል።

ሕጉ ደግሞ እንዲህ ነው፦ ከመምታትሽ በፊት
በእጅ መዳበስ የለም፣ በዱላ መፈተን የለም፣
«ምን ያህል ጥልቅ ነህ?» ብሎ መጎርጎር የለም።
የተፈቀደለት እግር ብቻ ነው፤
ለመቆም ሲደላደል፣ ቀስ ብሎ ሲቀበር፣
የሰማውን ሰምቶ ለትከሻ ይናገር።

አሥራ ስምንተኛው ላይ፣ አንድ ምት ሲቀራት፣
ኳሷ ከነጩ ውስጥ ግማሽ ጎኗ ጠፋ።
ሞራግ ገባች። ቀኝ እግር። ግራ እግር። ዝም።
«ምን ይላል?» አለችኝ፣ ዞር ሳትል።
«የቆምሽው አንቺ ነሽ» አልኳት።
አፌ ነው እንዲያ ያለ፤ እኔማ ከጫማዋ ውስጥ ነበርኩ።
የዱላውን ፊት ዘጋች። ያሳደጋትን አሸዋ ረሳች።
እንደ መጥረቢያ ጣለችው፣ ከኳሷ ሁለት ጣት ኋላ፤
ነጭ ደመና ተነሣ፤ ከደመናው ሥር
ኳሷ እንደ ሰነፍ ተማሪ ወጣች፣
ተንከባለለች፣ ተንከባለለች፣
ስንዝር ሲቀራት ቆመች።

በአንድ ተሸነፈች።
ጨርሳ ስትመለስ ማበጠሪያውን ልቀበላት
እጄን ዘረጋሁ፤ አልሰጠችኝም።
የራሷን ዱካ፣ የራሷን ጉድጓድ፣ መስመር በመስመር
አበጠረች፣ ከኋላ ለሚመጣ ለማታውቀው ሰው።

ክሬግሄቨን ስንደርስ በር ላይ ጫማዋን ገለበጠች፤
እፍኝ የማይሞላ ነጭ አሸዋ ፈሰሰ።
«ጣለው» አለች።
በጨለማ ወስጄ ሰባተኛው ጉድጓድ ጥግ በተንሁት።
ለማንም አልነገርኩም፤ ሞኝነት ነው።
በነጋታው የባሕሩ ነፋስ ነፈሰ፤
ጠርጎት ይሆናል፤ ቀብሮት ይሆናል።
ግን አንዳንድ ጧት፣ ብርሃን አግድም ሲመጣ፣
እዚያ ጥግ አንድ ነገር ብልጭ ይላል፤
ማበጠሪያዬን አነሣ አደርግና
በዙሪያው አልፋለሁ።