በመዳፍ የተነበበ

«ዛፍ ሣሉ» አልኳቸው፣ ጠመኔዬን ይዤ፣
እንደ ወትሮዬ፣ ከመጽሐፉ ታዝዤ።
ሣሉ፤ አርባ ሁለቱም አንድ ዓይነት ሣሉ፦
ዘንግ ጫፍ ላይ ድፎ ዳቦ፤ «ጨረስን» እያሉ።

በመስኮቱ ማዶ፣ ጉሙን እንደ ጋቢ ካናቱ ገፍፎ፣
ወፍ ዋሻ ቆሟል፣ ጥዱ ከዝግባው አንገት ላንገት ተቃቅፎ።
ልጆቹ ግን ጀርባ ሰጥተውታል፤
ያላዩትን ዛፍ ከመጽሐፍ ይቀዱታል።

መጽሐፉን ዘጋሁ። ርእሰ መምህሩን ሳልነግር
ይዣቸው ወጣሁ፣ ሽቅብ ባቀበቱ፣ በጭቃው፣ እግር በእግር።

የጨዋታው ሕግ እንዲህ ነው፦
ዐይንህን በነጠላ ታስረህ
ጓደኛህ መርቶ ካንድ ግንድ ያደርስሃል፤
ትዳስሰዋለህ፣ ታሸተዋለህ፣
ዞረህ ትመለሳለህ፤ ነጠላው ሲፈታ
ያንኑ ግንድ ታገኛለህ፣ በመዳፍህ ትውስታ።

«የኔ ዛፍ» አለች ይፍቱሥራ፣ «አያ ዘርፉን ይመስላል፤
ጢም አለው፤ ጉንጬን ይኮሰኩሳል።»
ደምሰው የኮሶውን ልጥ አፍንጫው ላይ አሽቶ
አስነጠሰ፤ «ይማርህ» አለው ክፍሉ ሁሉ፣ በሳቅ ፈንድቶ።
ጉሬዛው ካንድ ቅርንጫፍ ዝቅ ብሎ ታዘበን፤
ነጭ ጭራውን እንደ ዳኛ ካባ ሰብስቦ ናቀን።

ላቀው ግን ዝም አለ።
ዱሮም ዝም ነው እሱ፤ ከኋላ ወንበር ያለ፣
ስሙ ሲጠራ ብቻ «አቤት» የሚል፣
ካሥር ሁለት አግኝቶ አንገቱን ደፍቶ የሚውል።
ነጠላው ሲፈታ ቀጥ ብሎ ሄደ፤ አልፈለገም፤
አንድም ጊዜ አልተሳሳተም።
ጣቱን ከተተ ከጥዱ ቁስል፣ ከጉልበቱ ከፍ ብሎ፣
ምሳር ከተወው አፍ፣ ሙጫው ሳይደርቅ ተንጠልጥሎ።

ሦስት ጊዜ ከግራ፣ አንድ ጊዜ ከቀኝ።
ስለቱ መሐል ላይ የተሸረፈ ምሳር ነው።
ላቀው ያውቀዋል፤
ቅዳሜ ቅዳሜ እሱ ነው የሚስለው፣
በሞረድ፣ ደጃፍ ተቀምጦ፣ አባቱ ቆሞ ሲያየው።

አልጠየቅሁትም። ምን ብዬ እጠይቃለሁ?
ደብረ ሲና ገበያ ያንኑ እንጨት በሸክም እገዛለሁ።
ደብተሩም፣ ያ ሰማያዊ ልባስ ያለው፣
ከዚያው ሸክም ላይ ተመንዝሮ ነው የተገዛው።

ሰኞ «ዛፍ ሣሉ» አልኩ። ዛፍ በያይነቱ መጣ፦
አንዱ ጎባጣ፣ አንዱ ጢማም፣ አንዱ ከወረቀቱ ጠርዝ የወጣ።
ላቀው አርፍዶ ገባ፣ እጁ እስከ ክርኑ በጭቃና እበት ታሽቶ፤
ደብተሩ ላይ ጥድ አለ፣ ቁስሉ ተለስኖ፣ ተሞልቶ።

«ዛሬ ጠዋት ለሰንኩት፣ ከአባቴ ቀድሜ» አለኝ፤
ዘንድሮ የመጀመሪያው ነው፣ ሳልጠራው ሲያናግረኝ።
«ቅዳሜ ምሳሩን አልሳልኩም። ዛፉን ሣልኩ።
ይድናል ወይ፣ መምህር?»

መጽሐፉን ገለጥኩ፤ ምዕራፉን ፈለግሁ።
ሥር፣ ግንድ፣ ቅጠል፣ ይላል። ዘጋሁ።

«እንጃ፣ ላቀው» አልኩት።
«እንሂድና እንየው።»