ችካል

ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ወር
ልጄ በስልክ ከፍላ፣ «ውጣ እንጂ ከሰፈር፤
ያንኑ ጋዜጣ ስታጥፍ አትዋል» አለችኝ፤
ለባትሪ ብስክሌት ጉብኝት አስመዘገበችኝ።
«በዚህ ጉልበት?» ብዬ፣ የሱሪዬን እግር
ካልሲዬ ውስጥ ከትቼ፣ እያጉረመረምኩ ነበር
ቱሉ ዲምቱ የደረስኩት፣ ጤዛው ሳይረግፍ ገና፤
ሄልሜት ደፉብኝ፣ እስከ ጆሮዬ ገባና
ግማሹ ማብራሪያ ሳልሰማው አለፈኝ።

አስጎብኚያችን ኩለኒ፣ ሃያ ሦስት ቢሆናት ነው፣
በአንድ ጉንጯ የምትስቅ፣ ሌላውን ለነገ ያቆየችው።
«ይቺን ስትጫኑ ትገፋለች፣ ይቺን ስትጫኑ ትቆማለች፤
ሌላ ጥበብ የላትም፤ አቀበት ትወዳለች» አለች።

አራት ነን። ሁለቱ ሙሽሮች፣ ከአዳማ፣
እየተያዩ ሲስቁ ቦይ ሊገቡ ለጥቂት፤
ሦስተኛው ሞገድ ጋላቢ፣ ከባሕር ጠረፍ ከተማ፣
ጨው የበላው ፀጉር፣ ፀሐይ የጠበሰው አንገት፤
«ውሃው በየት በኩል ነው?» ይላል በየመታጠፊያው።
ኩለኒ አትመልስም። ትነዳለች።

ብስክሌቷ ድምፅ የላትም፤ ንብ በሩቅ የምታልፍ ትመስላለች።
አቀበቱ ከሥሬ እንደ ምንጣፍ ተጠቀለለ፤
ጉልበቴ፣ ሐኪም የተወው፣ ሕመሙን ረስቶ ዝም አለ።

ኮዬ ፈጬ። ብሎክ፣ ቀጥሎም ብሎክ፤
ገሚሱ ልብስ የተሰጣበት፣ ገሚሱ መስኮት ያልገባለት፤
የታክሲ ሰልፍ፣ የሽንኩርት ጋሪ፣
«ወንበር ይጠገናል» የሚል ጽሑፍ፣ ግድግዳ ላይ፣ በከሰል፤
ጣሪያ ላይ ዲሽ የሚያዞር ልጅ፣ «አሁንስ?» እያለ ሲጮህ፣
ከውስጥ አንዲት ሴት፣ «አልመጣም!»

ከጉብታው ላይ አቆመችንና
«ውሃ ላልከው» አለችው፣ በጣቷ ወደ ታች አሳየችና፦
ቆርቆሮ። ከእግራችን ሥር እስከ አቃቂ ጭስ፣
ሸንተረሩ እየተነሣ፣ እየወደቀ፣
አዲሱ ሲያብረቀርቅ፣ አሮጌው ዝጎ፣
ደመና ባለፈ ቁጥር ብርሃን ሲንከባለልበት፣
ነፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ ተጭኖበት።
«ሞገዳችን ይኸው። የጋለበው የለም፤
ከሥሩ ነው የምንኖረው።»
ሰውየው ሄልሜቱን አወለቀ።
ሙሽሮቹ ፎቶ ተነሡ።

ከቁልቁለቱ ታች፣ መኪና ማጠቢያው ጋ፣
አረፋው መንገዱን አቋርጦ ከሚፈስበት፣
ኩለኒ ሳትነግረን ወረደች።
«እዚህ ላይ» አለች፣ በጫማዋ ጫፍ ሲሚንቶውን ነክታ፣
«የአባቴ አውድማ ነበር። ጉድጓዳችን እዚያ ጋ።
ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ባለ ሦስት እግር መነጽር ይዘው ሰዎች መጡ፤
ውሃ ቀድቼ ያጠጣኋቸው እኔ ነኝ።
አንዱ ከረሜላ ሰጠኝ። ቀይ የተቀባች እንጨትም ተከለ።
ማታ ሄጄ ነቀልኳት፤
አባቴ ተቆጥቶ መልሶ ተከላት።
የመንግሥት ናት ብሎ።»

ትከሻዬ ላይ የዚያ ብረት ክብደት መጣ።
ችካሏን አውቃታለሁ፤ ቁጥሯን ጭምር፦ ክ አርባ አንድ።
የማር ከረሜላ ነበር ያኔ ከኪሴ የማይጠፋው፣
ሲጋራ ልተው ብዬ።
ሰላሳ አንድ ዓመት መሬት ስለካ
ስህተት አልተገኘብኝም፣ አንዲት ሴንቲ ሜትር እንኳ።
ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን ሌላ ነው፦
«የጉድጓዱ ውሃ ጣዕሙ እንዴት ነበር?»
«ጨው ጨው ይላል» አለች፣ «ግን ቀዝቃዛ።»
ልክ ናት።

ስንመለስ፣ የመጨረሻው አቀበት ወገቡ ላይ፣
የእኔ ባትሪ ቀይ አበራ፣ ጠፋ።
ሙሽሮቹ አለፉኝ። ሞገድ ጋላቢው እያፏጨ አለፈኝ።
ኩለኒ ዞራ መጣች፣ ከጎኔ ሆነች፤
በአንድ እጇ መሪዋን ይዛ፣ በሌላው ጀርባዬን ደገፈች፦
«አባባ፣ እርስዎ ሚዛንዎን ብቻ ይጠብቁ» አለች።
መዳፏ ያረፈው እዚያው ላይ ነው፣
መነጽሩን የምሸከምበት ቦታ።

ገፋችኝ።
ሰንሰለቱ ይንቀጫቀጫል። ትንፋሿ ይሰማኛል።
ከዚህ እስከ አደባባዩ ስድስት መቶ አርባ ሜትር ነው።
እኔ ነኝ የለካሁት።