አንድ ስንዝር ወደ ግራ

ከርከሮው በቆሎውን ሲገለብጥ አድሮ፣
አባቴ ከማማው ወድቆ ክንዱን ሰብሮ፣
ነፍጡ እኔ ላይ ወደቀ፤ በዚያ ክረምት፣ ሰቃ፣
ውሃ ያዘለው ማሳ ገና ሳይነቃ።

በአፉ የሚጎርስ ነው፤ ቁመቱ ይበልጠኛል፤
ሰደፉ ተሰንጥቆ በጅማት ታስሯል።
ብሳናው ላይ ቅል ሰቀልኩ። አለምኩ። ተኮስኩ።
ጭሱ ሲገፈፍ አየሁ፤
ሳትኩ።
ደገምኩ፤ ሠለስኩ፤
አንዱ ዝቅ፣ አንዱ ከፍ፣ ግንዱን እየፈለጠ፣
ከቅሉ አንድ ስንዝር ወደ ግራ እያመለጠ።

«ነፍጡ ነው ጠማማው» አልኩና በማግስቱ
ጅሬን ወጣሁ፣ አባዝናብ ካለበት ከቤቱ።
ስሙ አባዝናብ ነው፤ ዝናብ ግን ጠላቱ፤
ባሩድ ቀማሚ ነው፣ ደመና ነው ሞቱ።
ዓይኑን ሞራ ጋርዶት ዓመታት ሆኖታል፤
የአፈሙዝን ውስጥ በትንሽ ጣቱ ያያል።

ጣቱን አወጣና ወደ አፍንጫው ወሰደ፣
ጥላሸቱን አሸተተ፣ ወዲያው ፈረደ፦
«አፉን ሳይጉመጠመጥ ደጋግመው ያጎረሱት፣
እንኳን ብረት፣ ሰውም ቀና ቃል የለበት።
ባሩዱን በምንድን ነው የምትሰፍሪው፣ ዘምዘም?»
«በእፍኜ» አልኩ። ሳቀ፤ ሳቁ አልጣመኝም።
«እፍኝ ሲፈራ ይሰፋል፤ ሲሰስት ይጠባል፤
የጠዋት እፍኝሽን የማታው ይክደዋል።
የሒርማታ ጨው ሻጭ ብታታልልሽም
በአንዱ ስኒዋ ነው፤ ስኒ አትቀይርም።»

የድኩላ ቀንድ ጫፍ ቆርጦ ሰጠኝ።
«እስከ አፋፉ ሙዪ፣ ትርፉን በጣት ጥረጊ፤
ከእንግዲህ ሌላ መስፈሪያ እንዳትፈልጊ።
ጨርቁን ሰም አቅምሰሽ እርሳሱን አልብሺው፤
ዘንጉን እስከዚች ጭረት ድረስ አስገቢው።
ቀስ! አትውቀጪው! በርበሬ እኮ አይደለም!»
ነገረኛ ሰው ነው። የሚያልፈው ግን የለም።

ባለ ሦስት እግሩን፣ የዋንዛ በርጩማውን
ዘቅዝቆ አስተኛ በእግሮቹ መሃል ነፍጡን።
«አሁን እኔ ላጉርሰው» አለና ዞረ፤
ጀርባውን ሰጥቶኝ ብዙ አጉረመረመ፣ ብዙ ጎረጎረ፤
መለሰልኝና መዳፉን ከትከሻዬ አኖረ።

«ተኩሺ።»

ምላጩን ሳብኩ።

ቀጭ።

ባልጩቱ ብቻ ጮኸ። ጭስ የለም። እሳት የለም።
ነፍጡ ባዶ ነበር፤ አንዲት ፍሬ ባሩድ አላጎረሰውም።
እኔ ግን ዓይኔ ተጨፍኗል፤ ጉንጬ ከሰደፉ ሸሽቷል፤
ትከሻዬ እንደ በረገገች በቅሎ አጋድሏል።

«አየሽ? የሸሸው ማነው? ነፍጡ ነው ወይስ አንቺ?
አፈሙዙ ምን ያህል ዞረ? ጎንበስ በይ፣ ተመልከቺ።»

ጎንበስ አልኩ።
የአንዲት በቆሎ ፍሬ ያህል።

«እዚህ ፍሬ የሆነው ቅልሽ ጋ ሲደርስ ስንዝር ነው» አለኝ።
ያን ሁሉ ሳምንት ብረቱን ማማቴ አሳፈረኝ።

«ከሳብሽው በኋላ እስከ ሦስት ቁጠሪ፤
ቢጮኽም ባይጮኽም ጉንጭሽን አስደግፈሽ እዚያው ኑሪ።
ጭሱ ውስጥ ዓይንሽን አትክደኚ፤
እኔን ያየ የከደነ አይባልም፣ ተከድኖብኝ ነው፤ አንቺ ግን ክፍት ሁኚ።»

ከጓሮው ቅል ተሰቀለ። በቀንዱ ሰፈርኩ፤
ሰሙን፣ ጨርቁን፣ ጭረቱን አከበርኩ።
ሳብኩት።
አንድ።
ጭሱ ፊቴ ላይ ተንከባለለ።
ሁለት።
ሦስት ሳልል እሱ «ቅል ነው» አለ።
እኔ ገና ጭስ እያየሁ ነበር፤
እሱ ከድምፁ ለይቶት ነበር።

ጎሽ አላለኝም። «ውሃ አሙቂ» አለ።
ጥቁሩ እጣቢ በቦዩ ቁልቁል፣ ወደ አዌቱ ኮበለለ፤
ጨርቁ ነጥቶ እስኪወጣ ከደጁ አላስነሳኝም፤
ማምሻውን በርጩማውን አዋሰኝ፤ መልሺ አላለኝም።

ከርከሮው በዚያ ሌሊት ሳይመጣ ቀረ።
ማማው ላይ በርጩማው እንደተዘቀዘቀ አደረ።