ላስቲክሽ ደርሶኛል

ላስቲክሽ ደርሶኛል። ለጤናሽ እንደምን ነሽ?
ስምሽን ባላውቀውም፣ በጣልሽው አወቅሁሽ።
እኔ ከሳል በቀር፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ፤
ንጋቲየም ይሉኛል፤ ቶፉ ነው የሚያሳድረኝ።

ቶፉ ማለት፣ እንግዲህ፣ የአኩሪ አተር አይብ ነው፤
ወተቱን አፍልተን በኮምጣጤ የምናረጋው፤
በነጭ ጨርቅ ጠቅልለን፣ ድንጋይ ጭነን ስንጨምቀው
ጎህ ሳይቀድ ሱራባያ ገበያ የምናደርሰው።

ምድጃው ግን ይበላል፤ ሆዱ አይሞላም የሱ።
ድሮ እንጨት ነበር፤ ጫካዎቹ አነሱ፣
ዋጋውም ወጣና ከኛ አቅም ሸሸ፤
አንድ ቀን ከወረቀት ፋብሪካው፣ ቀኑ እንደ መሸ
የጭነት መኪና መጣ፣ ተራራ ተሸክሞ፣
ባሕር ያቋረጠ፣ ከአሮጌ ወረቀት ጋር ከርሞ፤
የሻምፖ ጠርሙስ፣ ጓንት፣ የድመት ምግብ ከረጢት፣
በማላነበው ፊደል የተጻፈ፣ ብዙ ዓይነት።
«ርካሽ ነው» አለ ባሌ፤ «ያውም ከእንጨት ይልቃል፤
ክብሪት ሳይነካው ገና ከሩቅ ይንቀለቀላል።»

እኔም አልተቃወምሁ። ውሸት አልጽፍልሽም፤
በዚያ እሳት ልጄን አስተማርሁ፤ ጣራዬ አያፈስም።

አንቺን ያወቅሁሽ ግን በዳይፐር ማሸጊያ ነው።
ፎቶ ነበረው፤ ሕፃን፣ ጥርስ ያላወጣ፣ የሚስቅ፤
ፓይጃን በአካፋ ዝቆ ወደ እሳቱ ሲለቅ
ጉንጩ መጀመሪያ ተጨማደደ፣
ቀጥሎ ሳቁ ቀለጠና እንደ ሰም ወረደ።
እጄ ያኔ ከማማሰያው ላይ ቀረ፤
ወተቱ ገነፈለ፣ ተቃጠለ፣ አረረ።

ልጅሽ ስንት ዓመቱ ሆነ? ይሄዳል? ይናገራል?
የልጄ ሚስት ላስሚያቲ ወሯ ሰባት ሞልቷል።

ዶሮዎቼ አመዱ ላይ ሲጭሩ ይውላሉ፤
«ለነፍሰ ጡር እንቁላል ነው» ጎረቤቶች ይላሉ፤
እኔም በየጠዋቱ ሁለት ሁለት ስቀቅል
መነጽር ያደረገች ልጅ መጣች፣ ለናሙና ልትለቅም እንቁላል፤
ስድስት ወሰደች፣ በጥጥ ጠቅልላ፤
በሁለተኛው ወር ተመለሰች፣ ፊቷ ሌላ።
«መርዝ አለበት» አለች፤ «ከጭስ ወደ አመዱ፣
ከአመድ ወደ ዶሮ፣ ከዶሮ ወደ ሆድ ነው መንገዱ።»

አንዱን እንቁላል ሰበርሁት፤ አየሁት በፀሐይ።
አስኳሉ ቢጫ፣ ነጩ ነጭ፤ ታዲያ ምኑን ልይ?
እባብ እንኳ ሲመጣ በሣሩ ውስጥ ኮሽ ይላል፤
ይህ ግን ኮቴ የለውም፤ ጨው ተነስንሶበት ይጎረሳል።

ያን ሌሊት ከፓይጃን ጋር ሂሳብ ተሳሰብን፤
የሩዝ ገለፈት ብናነድ ስንት ነው የሚጎድልብን?
«እንከስራለን» አለ፤ ሳለ፤ ደግሞ ሳለ፤
የቀረውን ሳሉ ተናገረለት፤ እሱ ዝም አለ።

ከሁለቱ ምድጃ አንዱን ላስቲክ ከለከልነው፤
አንዱን ብቻ። ሌላው እንዳመሉ ነው።
የቶፉውም ዋጋ በሁለት መቶ ሩፒያ ጨመረ፤
ሦስት ደንበኛ ሄደ፤ የሆስፒታሉ ወጥ ሠሪ ግን ቀረ።
ዶሮዎቹን አጠርናቸው፤ አመዱን በጆንያ ቋጠርን፤
ወዴት እንደሚጣል ግን የሚነግረን አጣን።
ላስሚያቲ ከነሆዷ ወደ እናቷ መንደር ሄደች፣
ጭስ ወደማይደርስበት፤ «ስወልድ እመጣለሁ» ብላ አለቀሰች።

አልፈርድብሽም እኔ። ቤትሽን ጠርገሽ፣
ለይተሽ፣ አጥበሽ፣ በየቀለሙ ቅርጫት ከተሽ፣
«ሌላ ነገር ይሆናል» ብለው ነግረውሽ
አምነሽ ተኛሽ።
ይኸው ሆነ። ቶፉ ሆነ። እንቁላል ሆነ።
በፓይጃን ደረት ውስጥ ጥቀርሻ ሆኖ ተደፈነ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ከሱቅ መደርደሪያው ያዢና አንድ አፍታ
ጠይቂው፤ «ስጥልህ የማን ደጅ ነው የምታድረው ማታ?»
መልስ ካልሰጠሽ ተዪው፤ ከገዛሽም ጠይቂ፤
«ወዴት ነው የምትልኩት?» ብለሽ ሹም አስጨንቂ።

ያንኑ ማሸጊያ ሌላ፣ በሳምንቱ ሲመጣ
ፎቶውን ቀደድሁት፣ ከእሳቱ እንዲወጣ፤
ግድግዳዬ ላይ ነው፤ ይስቃል እስካሁን፤
ለኛው ሕፃን ፎቶ ባዶ ትቻለሁ ጎኑን።

በይ፣ ደህና ሁኚ። ሁለተኛው ምድጃ ይጠራኛል፤
መኪናው ደጅ ቆሟል፤ ዛሬም ላስቲክሽ ደርሶኛል።